ሊቨሩን ሳይለኩ ፍሪሲዮን አይፍቱ

ፍሪሲዮኑ የከበደ ወይም ማርሽ አልገባ ያለ አሮጌ ሞተር ሳይክል ጅማ ውስጥ ጋራዥ ሲገባ፣ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈታው የሞተሩ የጎን ክዳን ነው። የፍሪሲዮኑ ዲስኮች ወጥተው ይታያሉ፤ ደህና ናቸው። ጋስኬት ይገዛል፣ ዘይት ይቀየራል፣ ክዳኑ ይታሰራል። ባለቤቱ አስነስቶ ፍሪሲዮን ሲይዝ ያው እንደከበደ ነው። ጥፋቱ መሪው ላይ ነበር፦ ሞተር ሳይክሉ ወድቆ በጣት የሚጨመቀው የድሮው ሊቨር ሲሰበር ከገበያ ተገዝቶ «ልክ ነው» ተብሎ በተገጠመው ሊቨር ላይ።

የድሮዎቹ ያማሃ ዲቲ እና ኤጂ 100፣ የሆንዳ ኤክስኤል፣ ቬስፓው፣ አልፎ አልፎ በየግቢው ተሸፍኖ የሚገኘው የጣሊያን ወይም የእንግሊዝ ሥሪት፣ ሁሉም ፍሪሲዮናቸው የሚታዘዘው በሽቦ ነው። ከጣት እስከ ዲስክ ያለው መንገድ አራት ዕቃ አለው፦ ሊቨሩ፣ ኬብሉ፣ ሞተሩ ላይ ያለው ክንድ፣ ከክንዱ ወደ ዲስኮቹ የሚገፋው ዘንግ። ችግር ሲፈጠር ከላይ ወደ ታች መፈተሽ ርካሽ ነው፤ ከታች ወደ ላይ መሄድ ግን ዘይትና ጋስኬት ያስከፍላል።

22 ወይስ 27

ሊቨሩ የሚዞርበት ብሎን አለ፤ ከእሱ አጠገብ ደግሞ የኬብሉ ራስ፣ ያቺ በርሜል መሳይ ፍሬ፣ የምትቀመጥበት ቀዳዳ አለ። ከብሎኑ መሃል እስከ ፍሬዋ መሃል ያለው ርቀት የሊቨሩ ዋና ልኬት ነው። በድሮ የእንግሊዝ ሞተሮች ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ልኮች 7/8 ኢንች፣ ማለትም 22 ሚሊሜትር ገደማ፣ እና 1 1/16 ኢንች፣ ማለትም 27 ሚሊሜትር ናቸው። የጃፓንና ዛሬ በየሱቁ የሚሸጡት ሊቨሮችም አብዛኞቹ በዚሁ አካባቢ ይወድቃሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በዓይን ብቻ መለየት ከባድ ነው። ቁመታቸው፣ ኩርባቸው፣ ጫፋቸው ላይ ያለው ኳስ ያው ነው።

አምስት ሚሊሜትር ምን ይለውጣል? ጣት ሊቨሩን የሚይዘው ከብሎኑ 110 ሚሊሜትር ያህል ርቆ ነው እንበል። በ22ቱ ሊቨር የጣት ጉልበት አምስት እጥፍ ሆኖ ኬብሉ ጋ ይደርሳል፤ በ27ቱ አራት እጥፍ ብቻ። ኬብሉን ለመሳብ 40 ኪሎ የሚያስፈልግ ቢሆን፣ በመጀመሪያው 8 ኪሎ፣ በሁለተኛው ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት ከጣት ይጠየቃል ማለት ነው። ከጅማ መርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ለሚነዳ ሰው ይህ ምንም ላይመስል ይችላል፤ አጋሮ ደርሶ ለሚመለስ ግን የክንድ ሕመም ነው።

ጉልበት የሚቆጥበው ሊቨር ግን ከጉዞ ይቀንሳል። ሁለቱም ሊቨሮች በ26 ዲግሪ ቢዞሩ 22ቱ ሽቦውን 10 ሚሊሜትር ሲስብ 27ቱ 12 ሚሊሜትር ይስባል። ሞተሩ ዲስኮቹን ለማለያየት 11 ሚሊሜትር የሚፈልግ ከሆነ፣ በቀላሉ የሚያዘው ሊቨር በጭራሽ አያለያያቸውም፦ ሊቨሩ እጀታውን እስኪነካ ተጨምቆ እንኳ ሞተሩ ወደ ፊት ይጎትታል፣ ኒውትራል ይጠፋል፣ ማርሽ ሲገባ ይጮኻል። ሰው ሁሉ «ዲስኩ ተጣብቋል» የሚለው ያኔ ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ስህተቶች በምልክታቸው ይለያያሉ። ሊቨሩ ግማሽ መንገድ ሲሄድ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ከለቀቀና ግን ጣት ከደከመ፣ ርቀቱ በዝቷል፤ ይህ ርቀት አጠር ያለበትን ሊቨር ይግዙ። ለስላሳ ሆኖ ማርሽ አልገባ ካለ፣ ርቀቱ አንሷል። በመጀመሪያው ሁኔታ የፍሪሲዮኑን ሞላ ቆርጦ ማሳጠር ወይም ደካማ ሞላ መግጠም የተለመደ ነው፤ ውጤቱም ዳገት ላይ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ነው። አንዱን ችግር በሌላ መለወጥ ነው ይህ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ኬብሉን አውጥተው በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ሥጋ፣ ከቅርብ ጠርዝ እስከ ቅርብ ጠርዝ፣ በካሊፐር ይለኩ። በዚያ ላይ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ስፋት ግማሽ ይጨምሩ። የብሎኑ ቀዳዳ 6፣ የፍሬው 8፣ በመካከላቸው 15 ሚሊሜትር ካለ፣ 15 ሲደመር 3 ሲደመር 4፣ 22 ነው። ወደ ሱቅ ሲሄዱ የተሰበረውን ሊቨር ይዘው ይሂዱ፤ የሞተሩን ስም ብቻ ነግሮ መግዛት አይበቃም። የመሪውን ውፍረትም ይለኩ። በብዛት 7/8 ኢንች፣ ማለትም 22.2 ሚሊሜትር ነው፤ በአንዳንድ የድሮ የእንግሊዝና በሃርሊ ሞተሮች ላይ ግን 1 ኢንች፣ 25.4 ሚሊሜትር ነው። ቀጭኑን መያዣ በጉልበት ከፍቶ ወፍራም መሪ ላይ ማሰር አሉሚኒየሙን ይሰነጥቀዋል።

የፊት ፍሬን ሊቨር በዚሁ ሕግ ይመራል፤ ልዩነቱ ሲሳሳቱ የሚመጣው መዘዝ ነው። ርቀቱ የበዛ ሊቨር ፍሬኑን ቶሎ ያስነካል፣ ግን ለመቆም የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ርቀቱ ያነሰው በደንብ ይይዛል፣ ግን ሸራው ሲያልቅ ሊቨሩ እጀታው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጥንድ ሆነው ሲሸጡ ግራና ቀኙ አንድ ልክ ናቸው ብሎ መገመት አይገባም።

ብሎኑ፣ ቀዳዳው፣ የፍሬዋ መዞር

ሊቨር የሚዞርበት ብሎን ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር ነው። የሚጠብቀው ሊቨሩን ጨምቆ ለመያዝ አይደለም፤ ብሎኑ ሊቨሩ በነፃ እስኪዞር ድረስ ብቻ ይጠብቅና ከታች ያለው ዳዶ ይቆልፈዋል። ሰው ላስኮ (ልቅነት) ለማጥፋት ብሎ ሲያጠብቀው የመያዣው ሁለት ጆሮዎች ተጨፍልቀው ሊቨሩን ይይዙታል። ከዚያ ሊቨሩ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ ትንሽ እንደተያዘ ይሄዳል፣ ዲስኮቹ ይቃጠላሉ።

ላስኮው የሚጠፋው በቶርኖ ቤት ነው። ሞላላ የሆነው ቀዳዳ ወደ 8 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ውጭው 8፣ ውስጡ 6 የሆነ የናስ ቡሽ (ቀለበት መሳይ ቱቦ) ተጨምቆ ይገባል። መብሻው ሲገባ ቀጥ ማለቱና የድሮው ቀዳዳ መሃል መጠበቁ መረጋገጥ አለበት፤ መሃሉ 2 ሚሊሜትር ከተንሸራተተ ከላይ ያልነው ርቀት ተቀየረ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው የፍሬዋ መዞር ነው። ሊቨሩ ሲጨመቅ ፍሬዋ በቀዳዳዋ ውስጥ በትንሹ መዞር አለባት። ዝገት ወይም ጭቃ ከያዛት፣ በእሷ ፈንታ የሚታጠፈው ሽቦው ነው። አንድ ሽቦ በአንድ ቦታ በየቀኑ መቶ ጊዜ ሲታጠፍ ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ኬብል ብዙውን ጊዜ ከራሱ ሥር የሚበጠሰው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ በጥቂት ወራት አንድ ጊዜ አንዲት ጠብታ ግሪስ ነው። ፍሬ ሲገዙም ሲያሠሩም ስፋቱን ይለኩ፦ የጃፓኖቹ ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊሜትር ነው፤ 9.5 ሚሊሜትር በሆነ ቀዳዳ ውስጥ ካስገቡት ያጋድላል፣ ሽቦውንም ወደ ጎን ያጥፈዋል።

ኬብሉ

በውጭ ሽፋን ውስጥ የሚንሸራተት ሽቦ እ.ኤ.አ. በ1896 በእንግሊዝ ፓተንት የወጣለት ቦውደን በተባለ ሰው ስም ነው፤ ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። አንዱ ነገር ግን ዛሬም ያደናግራል፦ ዋናው ቁጥር የሽቦው ርዝመት ብቻ አይደለም። ሽቦው ከሽፋኑ ስንት ሚሊሜትር ተርፎ እንደሚወጣ ነው የሚያስፈልገው። መሪው ከፍ ባለ መሪ ከተቀየረ ሽፋኑም ሽቦውም እኩል ይረዝማሉ፤ የሚተርፈው ልክ ግን እንደድሮው መቆየት አለበት። ስለዚህ የድሮው ኬብል ሳይጣል ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ ሁለቱም ይለካ።

የፍሪሲዮን ሽቦ ውፍረት ከ2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር ነው። በየመንገዱ ዳር ሲበጠስ የሚገባው የብስክሌት ፍሬን ሽቦ 1.5 ወይም 1.6 ነው። ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ነገር ግን ጥንካሬው የሚቆጠረው በውፍረቱ ሳይሆን በተቆረጠው ገጽ ስፋት ስለሆነ፣ 1.6ቱ ከ2.5ቱ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ እንኳ ብረት የለውም። ቤት ለመድረስ ይሁን፤ ለፊት ፍሬን ግን በጭራሽ። በብሎን የሚያዘው የሚገዛ ፍሬም እንዲሁ ነው፦ ለጉዞ መያዣ እንጂ ለቋሚ ሥራ አይሆንም።

ፍሬ በቆርቆሮ ብየዳ ማስያዝ ጅማ ውስጥ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን ሰው ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ። ሽቦው ከመቆረጡ በፊት የሚቆረጠው ቦታ ቆርቆሮ ይቀባ፤ አለበለዚያ ክሮቹ ይበታተናሉ። ከዚያ ሽፋኑ፣ የጫፍ ቆቦቹና የሊቨሩ ጎማ መጀመሪያ ይግቡ (ከብየዳው በኋላ ቆቡን ጠረጴዛ ላይ ያገኘ ሰው ሥራውን እንደገና ይጀምራል)። ጫፉ በቤንዚን ከታጠበ በኋላ በፍሬው ቀዳዳ ያልፍና 3 ሚሊሜትር ተርፎ ይወጣል። የተረፉት ክሮች ዙሪያውን ይከፈታሉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተስበው ፍሬው ላይ በተቆፈረው ጎድጓዳ ውስጥ ይቀመጣሉ። ጭነቱን የሚሸከመው ይህ የተከፈተ ራስ ነው፤ ቆርቆሮው ቦታውን ያስጠብቃል። ፍሬው ጎድጓዳ ከሌለው በትልቅ መብሻ ይቆፈር።

ሙቀቱ ለፍሬው እንጂ ለሽቦው አይሰጥም። በጋዝ እሳት ሽቦውን ያሞቀ ሰው ብረቱን ያበላሸዋል፤ ሰማያዊ የሆነ ሽቦ ተቆርጦ ይጣል። ቆርቆሮው በሽቦው ላይ ወደ ታች በጣም ከፈሰሰ ደግሞ የደረቀው ክፍል አይታጠፍም፣ የሚታጠፈው ወሰኑ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያው ይበጠሳል። በመጨረሻ የማጣበቂያው አሲድ በሙቅ ውኃና በሶዳ ይታጠብ፤ ካልታጠበ ሽቦውን ከውስጥ ይበላዋል። ከመግጠም በፊት ፍሬውን በሞርሳ ይዘው ሽቦውን በሰው ክብደት ያህል ይሳቡት። ከተነቀለ እዚያ ይነቀል።

ጅማ ዝናብ አያጣትም፤ ክረምቱ ረጅም ነው። ውኃ ወደ ኬብል የሚገባው ከላይ፣ በሊቨሩ በኩል ነው፤ ወርዶም ዝቅተኛው ኩርባ ላይ ይቀመጣል። ኬብልን ከላይ የሚሸፍነው ጎማ ከተቀደደ አንድ ክረምት ይበቃል። አወይቱ ወንዝ አካባቢ ሞተር ሲያጥቡ የውኃውን ግፊት ቀጥታ ወደ ሊቨሩ አለመስጠት ይበጃል። ለማለስለስ ኬብሉን ቀጥ አድርገው ይስቀሉ፣ የላይኛውን ጫፍ በፕላስቲክ ከረጢት ጥግ በክር አስረው ቀጭን ንጹሕ ዘይት ይሙሉ፣ ከታች እስኪንጠባጠብ ሌሊቱን ይተዉት። ግሪስ አይግባበት፤ በበጋ አቧራ ይዞ ይጠጥራል። የተቃጠለ ዘይትም አይሆንም፤ የሞተሩን ብናኝ ተሸክሟል። ውስጡ ናይሎን የሆነ አዲስ ኬብል ደግሞ ብዙ ዘይት አይፈልግም።

ኬብሉ በስለታማ ኩርባ እንዳይሄድ፣ የጭስ ማውጫውን እንዳይነካ ይዩ። ከዚያ ሞተሩ በኒውትራል ሲሠራ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙሩት፤ የሊቨሩ ባዶ ጉዞ (ሽቦውን ሳይስብ የሚሄደው) ወደ አንዱ ወገን ሲዞር ከጠፋ ኬብሉ አጭር ነው ወይም መንገዱ ተሳስቷል።

ማስተካከል ከታች ይጀምራል

ምርመራው ከላይ ይጀመር ብለናል፤ ማስተካከሉ ግን የሚጀምረው ከሞተሩ ነው። ብዙ ሰው የሚያስተካክለው ሊቨሩ ላይ ባለው የኬብል ማስተካከያ ብሎን ብቻ ነው፣ ምክንያቱም በእጅ ይዞራል። ዲስክ ሲያልቅና ኬብል ሲረዝም በዚያች ብሎን እየተካካሰ ሲቆይ ሞተሩ ላይ ያለው ክንድ ከቦታው ይወጣል። ክንዱ የበለጠ የሚገፋው ሊቨሩ ግማሽ ሲያዝ ከኬብሉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን፣ 90 ዲግሪ ገደማ፣ ሲሠራ ነው። ከዚያ ብዙ ሲያዘነብል የተጎተተው ኬብል ክንዱን በትክክል አያዞረውም፤ ፍሪሲዮኑ ይከብዳል።

ገፊ ዘንግ ባላቸው ሞተሮች ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። የሊቨሩ ማስተካከያ ሙሉ በሙሉ ይግባ፣ በኬብሉ መሃል ያለውም እንዲሁ፤ ኬብሉ የላላ ይሁን። በክዳኑ መሃል ያለውን የብሎን ዳዶ ፈትተው ብሎኑን በካቻቢቴ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ያዙሩ፤ ሲነካ ይሰማል። ከዚያ ወደ ኋላ ይመልሱ፦ በጃፓኖቹ ሩብ ዙር፣ በእንግሊዞቹ ከግማሽ እስከ አንድ ዙር፣ የሞተሩ መጽሐፍ ካለ ደግሞ እሱ እንዳለው። ብሎኑን እንደያዙ ዳዶውን ይቆልፉ፤ ካልያዙት አብሮ ይዞራል። ይህች ክፍተት ያለ ምክንያት አልተተወችም፤ ዘንጉ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ክፍተት ካጣ ዲስኮቹን በራሱ ይከፍታል።

አሁን የኬብሉ ተራ ነው። መሃል ላይ ባለው ማስተካከያ አብዛኛው ልቅነት ይወሰድ፣ በሊቨሩ ማስተካከያ የመጨረሻው ልክ ይሰጥ። በሊቨሩና በመያዣው መካከል፣ ሊቨሩ የሚዞርበት ብሎን አጠገብ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ባዶ ጉዞ ይቀር፤ በጫፉ ሲለካ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ያህል ነው።

ባዶ ጉዞው ወደየት እንደሚሄድ በየሳምንቱ ማየት ሞተሩን ሳይፈቱ ውስጡን ማንበብ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ዲስክ ሲያልቅ ገፊው ሳህን ወደ ውስጥ ይገባና ክፍተቱ ይጠብባል፤ ኬብል ሲረዝም ወይም ክሩ ሲበጠስ ይሰፋል። ሰው ሳይነካው እየጠበበ የመጣ ሊቨር የዲስክ ጉዳይ ነው። በድንገት የሰፋ ደግሞ ዛሬውኑ የኬብሉን ራስ ማየት ይፈልጋል፤ አንድ ክር ከተበጠሰ ሌሎቹ አይቆዩም።

መንሸራተትን ለመፈተሽ የጅረን ዳገት የተመቸ ነው። በሦስተኛ ማርሽ እየወጡ ጋዙን ከፈት ያድርጉ፤ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ባዶ ጉዞ እያለው ከሆነ ከዲስኩ በፊት ስለ ዘይቱ ይጠይቁ። ዲስኮቹ በዘይት ውስጥ ስለሚሠሩ፣ ነዳጅ ቆጣቢ ተብሎ ለመኪና የተሠራ ቀጭን ዘይት ውስጡ ያለው ማንሸራተቻ ቅመም ዲስኩን ያንሸራትተዋል። ለሞተር ሳይክል የሚስማማው ዘይት በጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት አለው።

ለረጅም ጊዜ የቆመ ሞተር ደግሞ ዲስኮቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ክዳን መፍታት አያስፈልግም። ቁልፉን ዘግተው፣ ሊቨሩን በገመድ እጀታው ላይ አስረው የእግር ማስነሻውን ይርገጡት። ማስነሻው በማርሽ ሳጥኑ በኩል ለሚዞር፣ ለአብዛኞቹ የድሮ እንግሊዞች፣ በኒውትራል ይሁን። ማርሽ ውስጥ ሆኖም ፍሪሲዮን ተይዞ ለሚነሣ ሞተር ግን በማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ ጎማው መሬት እንደያዘ ይርገጡት፤ በኒውትራል ቢረግጡት ዲስኮቹ አብረው ይዞራሉ እንጂ አይላቀቁም።

ሌሎቹ ሊቨሮች

ቬስፓ ከ1946 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፍሪሲዮንና ማርሽ በአንድ ግራ እጅ ይይዛል፤ የከተማው ባጃጆችም እንዲሁ ናቸው፣ ስለዚህ የባጃጅ መካኒክ ለቬስፓ እንግዳ አይደለም። ማርሽ ሲቀየር ሊቨሩም አብሮ ስለሚዞር ኬብሉ በየማርሹ ይታጠፋል፤ ለዚህ ነው ፍሬዋ ግሪስ ከሌሎቹ ይበልጥ የምትፈልገው። በሞተሩ በኩል ሽቦው የሚያዘው በብሎን ስለሆነ ክሮቹ እዚያ ይቆረጣሉ። ትርፉን ሽቦ እስከ ብሎኑ ድረስ አይቁረጡት፤ ለቀጣዩ ማስተካከያ 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ይቆይ።

በጣም አሮጌ ሞተሮች መሪ ላይ ሌሎች ትንንሽ ሊቨሮች ይታያሉ፦ የአየር፣ የእሳት ጊዜ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት)፣ የጭስ ቫልቭ ማንሻ። የእሳቱን ጊዜ ወደ ኋላ ሳይመልሱ የረገጡት ሞተር እግርን መልሶ ይመታል፤ ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው በዚህ ነው። እነዚህ ሊቨሮች ባሉበት የሚቆሙት በመሃላቸው ባለው ሞላ ጥብቀት ነው፤ በጉዞ ላይ በራሳቸው ከተንቀሳቀሱ የመሃሉን ብሎን ሩብ ዙር ማጥበቅ ይበቃል። ትልልቆቹ የሃርሊ ሞተሮች ደግሞ እስከ 1952 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ፍሪሲዮናቸው በእግር፣ ማርሻቸው በእጅ ነበር፤ ያንን ወደ እጅ ለመቀየር የሚፈልግ ሰው ሊቨር ብቻ ገዝቶ አይጨርስም፣ ከባድ ሞላዎቹን የሚረዳ ተጨማሪ ሞላ ያስፈልገዋል።

የታጠፈ አሉሚኒየም ሊቨር ለፍሪሲዮን ከሆነ ቀስ ተብሎ አንድ ጊዜ ሊቀና ይችላል፤ የፍሬን ሊቨር ግን አይቀናም፣ ይቀየራል። አዲሱ እንዳይሰበር፣ ሰቃ ጨቆርሳ መንገድ ላይ በጭቃ ለሚነዳ ሰው የሚሆነው ዘዴ የመያዣውን ብሎኖች እስከ መጨረሻ አለማጥበቅ ነው፦ በእጅ ሲጨመቅ እንዳይነቃነቅ፣ ሞተሩ ወድቆ መሬት ሲመታው ግን መሪው ላይ እንዲዞር። አንድ ቁልፍ ይዞ መልሶ ማዞር አንድ ደቂቃ ይወስዳል።